አረንጓዴ ሌዘር ጠቋሚ በአነስተኛ በጀት መግዛት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለማስተማር፣ ለስብሰባ ወይም በሌሊት ኮከብ ለማሳየት አረንጓዴ ሌዘር ሊገዙ ያሰቡ፣ ግን ብዙ ገንዘብ ማውጣት የማይፈልጉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

አረንጓዴው ከቀዩ በምን ይሻላል?

ልዩነቱ ከመሣሪያው ይልቅ ዓይናችን ላይ ነው። የሰው ዓይን በቀን ብርሃን ከሁሉም በላይ የሚነቃው 555 ናኖ ሜትር አካባቢ ላለው ቢጫ አዘል አረንጓዴ ነው (ናኖ ሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት የሚለካበት ነው፤ ቀለሙን የሚወስነውም ይኸው ርዝመት ነው)። የተለመደው አረንጓዴ ሌዘር 532 ናኖ ሜትር ስለሆነ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ተራው ቀይ ደግሞ 650 ናኖ ሜትር ላይ፣ ዓይን መድከም በጀመረበት ጥግ ነው ያለው። ስለዚህ ሁለቱም እኩል 1 ሚሊ ዋት ቢያወጡ አረንጓዴው ስምንት እጥፍ ያህል ደምቆ ይታያል። 635 ናኖ ሜትር ከሆነው የተሻለ ቀይ ጋር ካስተያዩት ግን ብልጫው ወደ አራት እጥፍ ዝቅ ይላል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላም ነገር አለ። ከአድማጮችዎ መካከል ቀይ ቀለም ደብዝዞ የሚታየው ሰው ሊኖር ይችላል። ለእሱ የቀዩ ሌዘር ነጥብ ጭራሽ የለም ማለት ይቻላል፤ አረንጓዴው ግን ይታየዋል። በአንጻሩ ክፍሉ ትንሽና ጨለም ያለ ከሆነ ቀዩም ያገለግላል። ዋጋውም ይቀንሳል፣ ባትሪም አይፈጅም። አረንጓዴ መግዛት ግዴታ አይደለም።

ስንት ሚሊ ዋት ልግዛ?

ካሰቡት ያነሰ። ለመማሪያ ክፍልና ለመሰብሰቢያ አዳራሽ 1 ሚሊ ዋት አረንጓዴ ይበቃል። በሌሊት ኮከብ ለማሳየት ቢበዛ 5 ሚሊ ዋት። ከዚያ በላይ ያለው መሣሪያ “ጠቋሚ” የሚለው ስም አይገባውም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት 50 ሚሊ ዋት ከ5ቱ አሥር እጥፍ የሚደምቅ እየመሰላቸው ነው። ዓይን እንደዚያ አይቆጥርም። ኃይሉ አሥር እጥፍ ሲጨምር ለዓይን የደመቀ የሚመስለው ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ያህል ብቻ ነው። አደጋው ግን የሚያድገው እንደ ዓይን ግምት ሳይሆን እንደ ኃይሉ ነው። ለሦስት እጥፍ ድምቀት አሥር እጥፍ አደጋ መግዛት ክፉ ንግድ ነው።

“ክላስ 2”፣ “ክላስ 3አር” የሚለው ጽሑፍ ምንድን ነው?

የአደጋ ደረጃ ነው። ለሚታይ ብርሃን ክላስ 2 ማለት እስከ 1 ሚሊ ዋት ነው፤ ጨረሩ ሳይታሰብ ዓይን ላይ ቢያርፍ ሰው በሩብ ሰከንድ ውስጥ ዓይኑን ስለሚጨፍን ወይም ፊቱን ስለሚያዞር ጉዳት አይደርስም ተብሎ ይታሰባል። ክላስ 3አር እስከ 5 ሚሊ ዋት ይደርሳል። በድንገት ለቅጽበት ቢያርፍ የመጉዳት ዕድሉ አነስተኛ ቢሆንም አስተማማኝ የሚባል አይደለም። ክላስ 3ቢ እስከ 500 ሚሊ ዋት ነው፤ እዚህ ላይ ዓይን ከመጨፈኑ በፊት ጉዳቱ ሊቀድም ይችላል። ከዚያ በላይ ያለው ክላስ 4 ቆዳም ያቃጥላል፣ እሳትም ያስነሳል።

አገሮች የተለያየ ወሰን አላቸው። አሜሪካ ውስጥ “ጠቋሚ” ተብሎ የሚሸጥ ሌዘር ከ5 ሚሊ ዋት ማለፍ የለበትም። ብሪታኒያና አውስትራሊያ ወሰኑን ወደ 1 ሚሊ ዋት አውርደውታል። ከውጭ የሚያስመጡ ከሆነ ያሉበት አገር ምን እንደሚል ሳያጣሩ አይዘዙ፤ ጉምሩክ ላይ የቀረ ሌዘር ከሁሉም ውዱ ሌዘር ነው።

በትንሽ ገንዘብ ደህና ነገር ይገኛል?

ይገኛል፤ ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል ካወቁ። የሌዘርን ዋጋ የሚያንሩት ነገሮች ግማሾቹ ለእርስዎ ምንም አይፈይዱም፦ ከፍተኛ ኃይል፣ ከባድ የብረት ቀፎ፣ በስፖንጅ የተሞላ ሳጥን፣ ቁልፍ፣ ጫፉ ላይ እየተቀያየሩ ኮከብና አበባ የሚረጩ ኮፍያዎች። ስለ ኮፍያዎቹ አንድ ነገር ልበል። ጨረሩን በየአቅጣጫው የሚበትን ኮፍያ ከሌዘር ጋር ከቀረበልዎ ሻጩ መጫወቻ እየሸጠ እንደሆነ ይወቁ፤ የመጫወቻ ሻጭ ደግሞ ስለ ሚሊ ዋት ልኬት አይጨነቅም።

የቀሩት ግማሾች ግን ሊከፈልባቸው የሚገቡ ናቸው። ወደ ዳዮዱ (ብርሃኑን ወደሚያመነጨው ትንሽ ክፍል) የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠር ደህና ሰርኪዩት፣ ከፕላስቲክ ይልቅ የመስታወት ሌንስ፣ እንዲሁም የማይታየውን ጨረር የሚያስቀር ማጣሪያ (ለዚህኛው ከታች ሰፋ ያለ መልስ አለ)። ዝቅተኛ ኃይል ያለውንና በእውነት ተለክቶ የተጻፈበትን ከመረጡ እነዚህን ሁሉ በመጠነኛ ዋጋ ያገኟቸዋል። ቁጠባው ኃይሉን ይንካ፣ ጥራቱን አይንካ።

532 እና 520 ናኖ ሜትር ከሚሉት የትኛው ይሻለኛል?

ሁለቱ በቀለም ብቻ የሚለያዩ ይመስላሉ እንጂ አሠራራቸው ለየቅል ነው። 532 የሚባለው አረንጓዴ ብርሃን የሚያመነጭ ዳዮድ የለውም። ውስጡ ያለው 808 ናኖ ሜትር የማይታይ ታህተ ቀይ (ኢንፍራሬድ) የሚያወጣ ዳዮድ ነው። ያ ብርሃን ኒዮዲሚየም ያለበትን ክሪስታል ሲመታ ክሪስታሉ 1064 ናኖ ሜትር የሆነ፣ እሱም የማይታይ ጨረር ይሰጣል። ቀጥሎ ኬቲፒ የሚባለው ሁለተኛው ክሪስታል የሞገዱን ርዝመት ለሁለት ይከፍለዋል፤ የ1064 ግማሽ 532፣ ማለትም አረንጓዴ። ይህ ሁሉ ጣት በማታክል ቀፎ ውስጥ ነው የሚከናወነው። በየመንገዱ ብዙ ኃይል ስለሚባክን ባትሪ ይበላል፤ ክሪስታሎቹ ጥቂት ቢዛነፉ ወይም ሙቀቱ ቢለዋወጥ ድምቀቱ ይዋዥቃል።

520 (አንዳንዴም 515) የሚባለው ይህን ዙር ጥምጥም አያውቅም። ዳዮዱ ራሱ አረንጓዴ ያወጣል። እንዲህ ያለ ዳዮድ ገበያ ላይ መታየት የጀመረው ከእ.ኤ.አ. 2010 ወዲህ ነው፤ ኒቺያና ኦስራም የሚባሉት ኩባንያዎች ከሚሠሩት መካከል ናቸው። የሚደበቅ ታህተ ቀይ ጨረር የለውም፣ ብርድ አያስቸግረውም፣ እንደተበራ ሙሉ ድምቀቱን ይሰጣል። ጉድለቱ ሁለት ነው። ዓይን ለ520 ያላት ንቃት ከ532 ትንሽ ስለሚያንስ በእኩል ኃይል ጥቂት ደብዘዝ ይላል፤ ነጥቡም እንደ 532 ክብ ሳይሆን ዘርዘር ወይም ሞላላ ሊሆን ይችላል።

የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው፦ በጀቱ ጠባብ ከሆነ 520። ርካሽ 532 ሲበላሽ የሚበላሸው ዓይን በማያየው መንገድ ነው። ርካሽ 520 ግን ሲበላሽ ይደበዝዛል፣ በቃ። ጥሩ 532 የሚያስፈልገው ረጅምና ቀጭን ጨረር ለሚፈልግ ሰው ነው፤ እሱንም ቢሆን ስሙን ደብቆ ከሚሸጥ ሰው አይግዙት።

እጄ ላይ ያለው የትኛው ዓይነት እንደሆነ በምን ልወቅ?

ጽሑፉን አይመኑ። ዛሬ በቀጥታ ዳዮድ የሚሠሩ ብዙ ሌዘሮች በልማድ “532” ተብሎ ይጻፍባቸዋል። ይልቅ ነጥቡን ሁለትና ሦስት ሜትር ርቀት ያለ፣ የማያብረቀርቅ ግድግዳ ላይ አሳርፈው ይመልከቱ። ጠርዙ የተስተካከለ ክብ ከሆነና ቀለሙ ወደ ሎሚ ልጣጭ የሚያደላ ከሆነ 532 ሊሆን ይችላል። ሞላላ ወይም እንደ ዱላ የተሳበና ጠለቅ ያለ አረንጓዴ ከሆነ ወደ 520 ያደላል።

የበለጠ የሚያሳምነው የማቀዝቀዣው ፈተና ነው። ሌዘሩን እርጥበት በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልለው ለግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ፤ በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን አይደለም። ከዚያ አውጥተው፣ ሳይፈቱት፣ ግድግዳ ላይ ያብሩት። ባለ ክሪስታሉ ይደበዝዛል ወይም ጨርሶ እምቢ ይላል፤ እጅዎ ውስጥ ሲሞቅም ቀስ በቀስ ይነቃል። ቀጥተኛው ዳዮድ ለውጥ አያሳይም ማለት ይቻላል። ፈተናው ሲያበቃ ከላስቲኩ ሳያወጡ እንደ ክፍሉ እስኪሞቅ ይጠብቁ፤ ሌንሱ ላይ ጤዛ መቋጠር የለበትም።

ባትሪው ምን ዓይነት ይሁን?

ሁለት ትንንሽ ድንጋይ (ትሪፕል ኤ የሚባሉትን) የሚወስደው ለአብዛኛው ሰው ይበቃል፤ የትም ይገኛሉ። 18650 የሚባለውን ወፍራም ሊቲየም ባትሪ የሚፈልግ ሌዘር አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ሚሊ ዋት በላይ እንዲያወጣ ታስቦ የተሠራ ነው። ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ምንም ይሁን ምን፣ የባትሪው ውፍረት ራሱ ይናገራል።

ለረጅም ጊዜ የማይጠቀሙበት ከሆነ ድንጋዩን ያውጡ። ውስጥ ያፈሰሰ ድንጋይ ከገደላቸው ሌዘሮች ወድቀው የተሰበሩት ሳያንሱ አይቀሩም።

ሲበራ ቆይቶ ለምን ይደበዝዛል?

ስለሚሞቅ። አብዛኞቹ ጠቋሚዎች ሙቀት የሚያስወጣ በቂ ብረት የላቸውም፤ ስለዚህ ለሠላሳ ሰከንድ ወይም ለአንድ ደቂቃ አብርቶ ቢያንስ ያን ያህል ማሳረፍ ይበጃል። ባለ ክሪስታሎቹ ላይ ችግሩ ይጎላል፤ 808 ናኖ ሜትሩ ዳዮድ ሲሞቅ የሞገዱ ርዝመት ይንሸራተትና ክሪስታሉ እንደቀድሞው አይቀበለውም። ለዚህ ነው ነጥቡ አንዴ ደመቅ አንዴ ፈዘዝ የሚለው። ተጭነው ሲይዙት ብቻ የሚበራ ማብሪያ ያለውን መምረጥ ለሌዘሩም ለሰውም ይጠቅማል። እየበራ ኪስ ውስጥ አይረሳማ።

ማስታወቂያው “10,000 ሚሊ ዋት፣ 15 ኪሎ ሜትር ይደርሳል” ይላል። ይታመናል?

ሒሳቡን ራስዎ ይሥሩት። 10,000 ሚሊ ዋት 10 ዋት ነው። ሁለት ትንንሽ ድንጋዮች 3 ቮልት ይሰጣሉ። አንዳች ኃይል ሳይባክን 10 ዋት ብርሃን ለማውጣት ከ3 አምፔር በላይ መሳብ ይኖርበታል፤ ባለ ክሪስታሉ ደግሞ ከሚወስደው ኃይል ወደ ብርሃን የሚለውጠው እጅግ ጥቂቱን ነው። በብዕር ቀፎ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይገባም። ቁጥሩ የተጻፈው ለዓይን እንጂ ለመለኪያ አይደለም።

“ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይደርሳል” የሚለው ደግሞ ውሸትም እውነትም አይደለም። ብርሃን የሆነ ቦታ ደርሶ አይቆምም። የሚለወጠው ስፋቱ ነው። የተለመደ ጠቋሚ የጨረር ስፋት በ1 ሚሊ ራዲያን ይጨምራል፤ ማለትም በየ100 ሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል። መጠየቅ ያለብዎት ይህን ቁጥር ነው። ካነሰ ጨረሩ ቀጭን ሆኖ ይሄዳል። የሚያውቅ ሻጭ ይመልስልዎታል፤ የማያውቀው “በጣም ሩቅ ይሄዳል” ይላል።

ቴሌቪዥን ስክሪን ላይ ነጥቡ ለምን አይታይም?

ፕሮጀክተር የሚጥለው ምስል ያረፈበት ነጭ ሸራ የሌዘሩንም ብርሃን በየአቅጣጫው ይመልሳል። ኤልሲዲና መሰሎቹ ግን ከውጭ የሚመጣ ብርሃን እንዳይረብሽ ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ ጨረሩን ይውጡታል፣ ወይም እንደ መስታወት ወደ አንድ አቅጣጫ ይመልሱታል። ያ አንድ አቅጣጫ ደግሞ የአድማጭ ዓይን ሊሆን ይችላል። ጠንካራ ሌዘር መግዛት መፍትሔ አይደለም። በትልቅ ስክሪን የሚያስተምሩ ከሆነ፣ ወይም ስብሰባው በኢንተርኔት የሚተላለፍ ከሆነ፣ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን የመዳፊት ጠቋሚ ይጠቀሙ። በዚህ ጉዳይ ሌዘር ጊዜው አልፎበታል።

ኮከብ ለማሳየት እንዴት ነው የሚሠራው? ጨረሩ ኮከቡ ላይ ይደርሳል?

የሚያዩት ጨረሩ አየር ውስጥ ሲያልፍ በአየር ቅንጣቶችና በአቧራ ተበትኖ ወደ ዓይንዎ የሚመለሰውን ነው። ከፍ እያለ ሲሄድ መስመሩ ይጠብና አንድ ነጥብ ላይ ያበቃ ይመስላል፤ ረጅም መንገድ ጫፉ ላይ እንደሚገጥመው ሁሉ። ደስ የሚለው ነገር አጠገብዎ የቆመውም፣ አሥር ሜትር ርቆ የቆመውም ያንኑ ኮከብ ነው የሚያየው። ጨረሩ ወደ ላይ በርካታ ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ የአሥር ሜትሩ ልዩነት ምንም አይደለም። ጣትዎን ቀስረው ቢያሳዩ ግን እያንዳንዱ ሰው ሌላ ኮከብ ያያል። ለሥነ ፈለክ ወዳጆች አረንጓዴ ሌዘር የተወደደው ለዚህ ነው።

አጠገብዎ በቴሌስኮፕ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ካለ ሳያስፈቅዱ አያብሩ። አንድ ጨረር የአንድ ሰዓት ሥራ ሊያበላሽ ይችላል። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ቀደም ብዬ ያልኩት 520 እዚህ ጋ ዋጋውን ያስመሰክራል።

በ5 ሚሊ ዋት ሌዘር አውሮፕላን መረበሽ ይቻላል?

ይቻላል፤ በጣም። 1 ሚሊ ራዲያን የሚሰፋ 5 ሚሊ ዋት ሌዘር ዓይንን ሊጎዳ የሚችለው እስከ 16 ሜትር ያህል ርቀት ድረስ ነው። የዓይን ጉዳት ብቻ ቢሆን ኖሮ አብራሪው ሩቅ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። ነገር ግን ጨለማ ውስጥ ያለ ዓይን በእጅጉ የነቃ ነው፤ አረንጓዴው ብርሃን ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆም ትኩረት ይሰርቃል፣ ቀረብ ሲል ደግሞ ለጊዜው ያሳውራል። የአብራሪው ክፍል መስታወትም ጭረትና አቧራ ስለማያጣው ቀጭኑ ነጥብ መስታወቱን ሙሉ አረንጓዴ አድርጎ ይሞላዋል። ይህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ሊያርፉ ዝቅ ሲሉ ነው።

የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ 13,304 እንዲህ ያሉ ሪፖርቶች ደርሰውታል። እዚያ አውሮፕላን ላይ ሆን ብሎ ሌዘር ማነጣጠር ከ2012 ጀምሮ እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር የፌዴራል ወንጀል ነው። ኮከብ ሲያሳዩ የሚንቀሳቀስ መብራት ሰማይ ላይ ካዩ ያጥፉና እስኪያልፍ ይጠብቁ።

የማይታይ ጨረር ያወጣል የሚባለው እውነት ነው ወይስ ማስፈራሪያ?

እውነት ነው፤ የሚመለከተው ባለ ክሪስታሉን 532 ነው። ወደ አረንጓዴ ሳይለወጡ የተረፉት 808 እና 1064 ናኖ ሜትር ጨረሮች ከጫፉ እንዳይወጡ ትንሽ ማጣሪያ መኖር አለበት። ዋጋ ለመቀነስ መጀመሪያ የሚቀረውም ይኸው ማጣሪያ ነው፤ ቢኖር ባይኖር ገዢው አያየውምና።

የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጽሑፍ 10 ሚሊ ዋት ተብሎ የተሸጠ አንድ ርካሽ አረንጓዴ ሌዘር ፈትሸው ነበር። አረንጓዴው ደብዛዛ ሆኖ ሳለ የማይታየው ጨረር ወደ 20 ሚሊ ዋት ይጠጋ ነበር፤ ማጣሪያ አልነበረውም። ያው ተቋም በ2013 ይፋ ባደረገው ሌላ ምርመራ 122 ጠቋሚዎችን ለክቶ ከአረንጓዴዎቹ 90 በመቶ የሚጠጉት፣ ከቀዮቹ ደግሞ 44 በመቶ ያህሉ የአገሪቱን የደኅንነት ደንብ እንደማያሟሉ አገኘ።

ይህ ጨረር የሚያስፈራው ዓይን ስለማያስጠነቅቅ ነው። አረንጓዴ ሲያርፍብዎ ሳያስቡት ይጨፍናሉ። ታህተ ቀዩ ግን ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ክፍል) ድረስ ይገባል፣ ምንም አይታይዎትም፣ አይጨፍኑም። ስለዚህ “ይሄማ ደብዛዛ ነው፣ አይጎዳም” የሚለው አባባል ለርካሽ 532 አይሠራም። እንዲያውም የደበዘዘው ነው ይበልጥ የሚያጠራጥረው።

ይህን ቤት ውስጥ መፈተሽ እችላለሁ?

በከፊል ይቻላል፤ ሐሳቡም ከዚያው ተቋም ጽሑፍ የመጣ ነው። የሚያስፈልገው ሲዲ፣ መሐሉ የተበሳ ነጭ ካርቶንና ታህተ ቀይ የሚያይ ካሜራ ነው። ካሜራው ማየት አለማየቱን በቴሌቪዥን ሪሞት ይፈትሹ፦ የሪሞቱን ጫፍ ወደ ካሜራው አዙረው ሲጫኑ ስልኩ ላይ ብልጭ የሚል መብራት ከታየ ያያል። በብዙ ስልኮች የኋላው ካሜራ አያየውም፣ የፊተኛው ግን ያያል።

ሌዘሩን አንድ ነገር ላይ አስደግፈው በካርቶኑ ቀዳዳ በኩል የሲዲውን የሚያብረቀርቅ ፊት ቀጥ ብሎ እንዲመታ ያድርጉ። ሲዲው ጨረሩን ከፋፍሎ ካርቶኑ ላይ በተራ የተቀመጡ ነጥቦች ይጥላል። ፊትዎን ከሲዲው አቅጣጫ ያርቁና ካርቶኑን ብቻ በስልኩ ፎቶ ያንሱ። አረንጓዴዎቹ ነጥቦች ከመሐሉ ወደ 19 እና ወደ 42 ዲግሪ ላይ ያርፋሉ። በሁለቱ መካከል፣ 30 ዲግሪ አካባቢ፣ ዓይንዎ ያላየውን ነጥብ ካሜራው ካሳየ 808ቱ እያፈሰሰ ነው ማለት ነው። ሌዘሩን ከዚያ በኋላ ለማንም አይስጡት።

ምንም ካልታየስ? ነጻ ነው ብሎ ማረጋገጥ አይቻልም። 1064ቱ ከ532 በትክክል እጥፍ ስለሆነ ነጥቡ የሚያርፈው ሁለተኛው አረንጓዴ ነጥብ ላይ ነው፤ ተደብቆ ይቀራል። የስልክ ካሜራም ለእሱ ያለው ንቃት ደካማ ነው። ይህ ፈተና ጥፋተኛን ይይዛል እንጂ ለማንም የንጽሕና ወረቀት አይሰጥም።

መከላከያ መነጽር አብሬ ልግዛ?

እስከ 5 ሚሊ ዋት ላለ ጠቋሚ አያስፈልግም። መነጽር የሚያስፈልገው ሌዘር ከገዙ ደግሞ የገዙት ጠቋሚ አይደለም። ከርካሽ ሌዘር ጋር በነጻ የሚመጣው ቀይ ወይም አረንጓዴ ፕላስቲክ መነጽር ከባዶ ዓይን ይብሳል፤ ሰውን ያደፋፍራል። እውነተኛ መነጽር ላይ የሚከላከለው የሞገድ ርዝመትና ምን ያህል እንደሚያዳክም በቁጥር ይጻፍበታል። 532ን የሚከለክል ሁሉ 808 እና 1064ን ይከለክላል ማለትም አይደለም።

5 ሚሊ ዋት የሚል ገዝቼ ከዚያ በላይ የሚያወጣ ይመስለኛል። ይሄ ትርፍ አይደለም?

አይደለም። ጥቁር ላስቲክ የሚያቀልጥ፣ ፊኛ የሚያፈነዳ፣ ክብሪት የሚለኩስ ሌዘር 5 ሚሊ ዋት አይደለም። እኔ ራሴ መጀመሪያ የገዛሁት ጎኑ ላይ “ከ5 በታች” የሚል ተለጥፎበት ጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ይበሳ ነበር፤ ያኔ እንደ ዕድል ቆጥሬው ለሰው ሁሉ አሳይቻለሁ። አሁን ሳስበው ያንን ይዤ ልጆች የተቀመጡበት ክፍል ገብቼ እንደነበር ትዝ ይለኛል።

ኃይሉን በትክክል የሚናገረው የሌዘር ኃይል መለኪያ ብቻ ነው፤ የስልክ ብርሃን መለኪያ መተግበሪያዎች ለዚህ አይሆኑም። የፊዚክስ ላቦራቶሪ ያለው ትምህርት ቤት ወይም ዩኒቨርሲቲ አቅራቢያዎ ካለ መለኪያ እንዳላቸው ይጠይቁ። ባለ ክሪስታል ከሆነ ማጣሪያ በሌለበት መለኪያ የሚወጣው ቁጥር የማይታየውንም ጨረር ደምሮ ነው። መለካት ካልቻሉና ከተጠራጠሩ እንደ 3ቢ ይቁጠሩት፦ ለትምህርትና ለስብሰባ አያውሉት፣ ለልጅ አይስጡት፣ የሚቻል ከሆነ ለሻጩ ይመልሱት። የሚጥሉት ከሆነ ባትሪውን አውጥተው፣ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳያበራው ማብሪያውን ሰብረው ይጣሉት።

ጨረሩ ዓይኔ ላይ አርፏል። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ፣ አይሹት። ማሸት ከጨረሩ የባሰ የዓይንን ሽፋን ሊጭር ይችላል። ለጥቂት ደቂቃዎች የሚቆይ የብርሃን ጥላ የካሜራ ፍላሽ እንደሚተወው ያለ ነው፤ ይጠፋል። ከዚያ አንድ ዓይንዎን ሸፍነው በሌላኛው አራት ማዕዘን መስመሮች ያሉትን ወረቀት፣ ለምሳሌ የሒሳብ ደብተር፣ ይመልከቱ፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ። መስመሮቹ የተጣመሙ ወይም መሐል ላይ የጠፉ ከመሰለዎት፣ ወይም ጥቁር ነጥብ አልለቅ ካለዎት፣ ሳያድሩ የዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሌዘሩንም ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት ምን ዓይነትና ስንት ሚሊ ዋት እንደሆነ ነው፣ ጎኑ ላይ የተጻፈው ደግሞ እንዳየነው ብቻውን አይታመንም።